በእድር ድንኳን የተሰቀሉ ፎቶዎች

ባለፈው ሰሞን ሐና የምትባል ወጣት ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጣች። ሐና ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የሚገቡትን ሰዎች ከሚረዱት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት። ስልኳን ከፈተችና ያነሣቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ጆንያ ላይ የተቀመጡ አሮጊት፣ ልጅ ያዘለች ልጅ፣ ጫማውን በእጁ የያዘ የተከበረ የሚመስል ሰው፤ ሱዳኑም የእኛም ሰው አንድ ላይ ተቀላቅሏል።

"ጋሼ፣ እነዚህን በትልቁ ያትሙልኝ" አለችኝ። "አዳራሽ ውስጥ ሰቅለን ኃላፊዎቹን እንጠራቸዋለን። በወሬ አላምን ያለ ሰው በዓይኑ ሲያይ ምን ይል እንደሆነ አያለሁ።"

"ፍሬሙስ ምን ዓይነት ይሁን?" አልኳት።

"ጥቁር ቢሆን ያምራል።"

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ጥቁር ፍሬም የሚለውን ስሰማ ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ያየሁት ቀን መጣብኝ። ቁጭ በይ ብዬ አጫወትኳት፤ ለእናንተም እንደዚያው ላውጋችሁ።

ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከጎንደር አንድ ካሜራ በትከሻዬ አንጠልጥዬ ቆላ የወረድኩት ሠርግና ክርስትና እያነሣሁ ልኖር ነበር። ቆላው ግን በክረምት ጭቃ ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ሰሊጥ ይደርስና ማንም ለመጋባት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ብዙውን ቀን የማሳልፈው በሐጂ እድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሐጂ ከድንበሩ ማዶ እስከ ጎንደር የሚነግዱ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ካሜራህን ሽጠህ ማጭድ ብትገዛ ይሻልሃል" ይሉኝ ነበር። ከርከዴውን ግን ነፍገውኝ አያውቁም።

የጥቅምትን ቆላ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ጠዋት አየሩ የደረቀ ሰሊጥ ይሸታል፤ ከረፋዱ በኋላ የሚሸተው አቧራና ናፍጣ ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ትራክተርና የጭነት መኪና ይተራመሳል። ሰሊጥ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ደርሶ ጥቂት ከዋለ ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ወጣቱ እየተጫነ የሚወርደው። እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን፤ ለአረምና ለአጨዳ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። ገሚሱ ኮኪትና ሽንፋ አካባቢ ይቀራል፣ ገሚሱ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ይገባል።

ወባም የምትበረታው በዚያው ሰሞን ነው። የታመመ ሳሉግ ከእርሻው በትራክተር ተጎታች ይመጣና ከተማ ውስጥ ይራገፋል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ማደሪያ ግን የለውም። ሰውየው ማጭዱን ራስጌው አድርጎ ኒም ዛፍ ሥር ይተኛል። ወይ ይድንና ይመለሳል፣ አለዚያ እዚያው ይብስበታል። እኔ በየቀኑ በአጠገባቸው ሳልፍ ዓይኔ ለምዷቸው ነበር።

ዓይኗ ያልለመደው ሲስተር አበባ ነበረች። ሲስተር አበባ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ስትራመድ ከሩቅ የምትታወቅ ሴት። አንድ ቀን በረንዳው ላይ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

"ደብዳቤ ስጽፍ እጄ ዛለ" አለችኝ። "የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሠራተኞቹ እርሻው ላይ መጠለያ አላቸው ይሉኛል። አንተ ካሜራ አለህ። ሥራ ደግሞ የለህም። ዛፍ ሥር የተኛውን ሰው አንሣልኝና ይዩት።"

ሥራ የለህም ማለቷ ቢቆረቁረኝም ተነሣሁ። ከዚያ ወዲያ የአጨዳው ወቅት እስኪጋመስ ድረስ ሳሉጎችን ሳነሣ ዋልኩ። ሲስተር አበባ ሳይፈቅዱ እንዳላነሣ አስጠንቅቃኝ ስለነበር እያንዳንዱን እጠይቅ ነበር። አብሬያቸው የማሽላ ቂጣ በሽሮ በላሁ፤ እግራቸውን፣ እጃቸውን፣ የተኙበትን ማዳበሪያ አነሣሁ። ብዙ አወሩኝ፤ ስለ ሚስቶቻቸው፣ ስለ በሬ፣ ስለ ሱዳን ሙቀት። ሁሉን የነገሩኝ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉም ያማረልኝ የስሜነህ ፎቶ ነው። ስሜነህ የጎጃም ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ወባ አንቀጥቅጣው ኒም ሥር ተጋድሞ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ አገኘሁት። ላንሣህ ወይ ስለው በደከመ ድምፅ "አንሣኝ። ስድን ግን ቆሜ ሌላ ታነሣኛለህ" አለኝ። ቃል ገባሁለት። የካሜራውን ማንሻ ልጫን ስል ዓይኑን ከደነ። በቅጠሉ መሃል የወረደው ብርሃን ግንባሩ ላይ ብቻ አርፎ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነሣሁት። ስሜነህ ሲስተር አበባ በሰጠችው መድኃኒት ዳነና ወደ ኮኪት አጨዳው ተመለሰ።

ፎቶዎቹን ጎንደር ወስጄ በትልቁ አሳተምኳቸው። ፍሬም የሚሠራው ሰው ለሠርግ የሚሆን ባለ ወርቅ ቀለምና ጥቁር ብቻ ነበረው። ሳሉግን በወርቅ ፍሬም ማሳየት ለሲስተር አበባም ለእኔም የማይሆን ስለመሰለን ጥቁሩን ያዝን። የዞን ኃላፊዎች በገበያ ቀን እንደሚመጡ ተነገረን። ፀሐዩ ሰው ስለማያስቆም የከተማውን እድር ድንኳኑን ለመንነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ጭምር ሰጡን። ድንኳኑን ገበያው ዳር ተከልን፣ ፎቶዎቹን ዙሪያውን በገመድ ሰቀልን፣ የስሜነህን መግቢያው ፊት ለፊት አደረግነው። በጣም ነበር ያማረብን። ለከተማ ሰው ድንኳን ጥላ ነው፣ ፎቶ ፎቶ ነው። የእድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር ፍሬም፣ ዓይኑን የከደነ ወጣት፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ለአንድ የደጋ ገበሬ ምን እንደሚናገሩ ከእኛ ማንም አላሰበም።

ኃላፊዎቹ ሳይመጡ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ በድንኳኑ መግቢያ ቆሙ። ቁምጣቸው አቧራ ጠጥቷል፣ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ከጎጃም ልጃቸውን ሊፈልጉ የወረዱት አያ ዳምጤ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ያየሁት ሽማግሌው የስሜነህን ፎቶ እያዩ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ሲያወልቁ ነው። ወደ ፎቶው አልቀረቡም። ወደ እኔ ነው የመጡት።

"ልጄ፣ ወዴት ቀበራችሁት?" አሉኝ።

ድምፃቸው ውኃ የት ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

"አባቴ፣ ስሜነህ ልጅዎ ነው እንዴ? አልሞተም እኮ። ደህና ነው።"

"ደህና ነው?"

"አዎ፣ ትንሽ አሞት ነበር እንጂ ተሽሎታል። ኮኪት ወርዷል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ ያጽናኑኝ የነበሩት እሳቸው እኔን ነው። "እሽ ልጄ፣ ደግ አደረግህ። እኔም እህቴ ያረፈች ጊዜ ለልጆቿ እንዲሁ ነው ያልኋቸው። ትንሽ አሟት ጠበል ወርዳለች፣ ደህና ናት አልኋቸው" አሉኝና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ፤ አላነሡትም።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሞተ ተብሎ በድንገት አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሽማግሌ እስኪገኝ፣ ጎሕ እስኪቀድ ደህና ነው ይባላል፤ ትንሽ አሞት ነው ይባላል፤ የሆነ ቦታ ሄዷል ይባላል። እኔ እውነቱን ስናገር ቃል በቃል የመርዶ ደባቂ ነገር ተናግሬ አርፌያለሁ። ደህና ነው ባልኩ ቁጥር ልጁን ደጋግሜ እየገደልኩባቸው ነበር።

ከገበያው ሻይ የምትሸጥ አንዲት የደጋ ሴት ሽማግሌውን አየች፣ ፎቶውን አየች። ማንንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ሙሾ አወረደች፦

"ሰሊጥ አጨዳ ብሎኝ የሄደው ልጄ፣
ስሙን ማን ይጥራልኝ ቆላ ወርጄ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማቆም የሚችል ኃይል አልነበረም። ለገበያ የወጣው ሳሉግ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ወንዶቹ ዱላቸውን መግቢያው ላይ እያጋደሙ፣ ጋቢያቸውን እያሸረጡ እየገቡ ያለቅሳሉ። ሲስተር አበባ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ "ሰዎች፣ አልሞተም፤ እኔ ራሴ ነኝ ያከምኩት!" ብላ ጮኸች። ያከመችው እሷ ናት ሲባል ለቅሶው ጭራሽ ባሰ። ሲስተር አበባ ከወንበሩ ወርዳ ወደ እኔ ስታይ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ያን ቁጡ ሰው እንደዚያ ግራ ተጋብታ አይቻት አላውቅም።

ነገሩን ቶሎ የተረዱት ሐጂ እድሪስ ናቸው። ከሱቃቸው መጥተው አንዴ ተመለከቱና ሾፌራቸውን ሱሌማንን ጠሩት። "ኮኪት ውረድና ልጁን ይዘህ ና። እዚህ አፍ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ራሱ ይምጣ" አሉት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ከአያ ዳምጤ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። የሞተ ሰው እንደሌለ እያወቁ ተቀመጡ። በኋላ ስጠይቃቸው "ሰውየው እያዘነ ነው፤ ቆሜ ልየው?" አሉኝ።

ኃላፊዎቹ የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ፎቶ ሊያዩ፣ ንግግር ሊያደርጉ የመጡ ሰዎች ናቸው። ድንኳን አዩ፣ ለቅሶ ሰሙ። ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ትልቁ ኃላፊ ኮፍያውን አውልቆ ገባና አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እንደ ወጉ ጥቂት ቆየና "ነፍስ ይማር። ሟቹ ማን ነው?" አለ።

ከዚያ ሰይድ ተነሣ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ፎቶው ከስሜነህ ቀጥሎ ተሰቅሏል፣ ብዙ ቀን አብሬው ቂጣ በልቻለሁ። ቀልደኛ ነው ብዬ ነበር የማውቀው።

"ይህን ልጅ እኔ አላውቀውም" አለ። "እኔ የማለቅሰው ለወንድሜ ነው። ዓምና ሽንፋ ወንዝ ዳር ግራር ሥር ቀበርነው። አባቴ እስካሁን ሱዳን ተሻግሯል ብሎ ይጠብቀዋል።"

"ለምን አልነገርከውም?" አለ ኃላፊው።

"ብቻዬን? ወላሂ፣ እንዴት ብዬ? መርዶ በሰው ነው የሚነገር። አገሬ ገብቼ እንደሆን ፊቴን አይቶ ያውቀዋል ብዬ እኔም አልገባሁም።"

ሰይድ ሳይቀመጥ ሌላው ተነሣ። የእሱ አጎት ነው፤ ኮኪት ከሰሊጥ ክምሩ ሥር ነው የሞተው፣ ሚስቱ ቤት አድሳ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ጓደኛ፣ አማች፣ የአንድ ቀበሌ ልጅ፤ እርሻ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ድንበር ማዶ ተቀብረዋል። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ካሉት የሞተ ሰው በሆዱ ያልያዘ ጥቂት ነበር። ያለቀሱላቸው ያኔ ገና ነበር፤ እርሻ ላይ ሰሊጡ ይረግፋልና ቀብሮ ወደ አጨዳ መመለስ ነው፣ አገር ቤት ደግሞ መርዶ ስላልደረሰ የሚያለቅስ የለም።

እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ቆሜያለሁ። እነዚህን ሰዎች ከቅርብ ያየሁ፣ የተረከዛቸውን ስንጥቅ ሳይቀር ያነሣሁ ሰው ነኝ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ሌላ ሰው እንዳለ አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም ካሜራዬ የማያየው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኃላፊው እንባውን በኮፍያው ጠረገ። በኪሱ ያጠፈው የንግግር ወረቀት ሲወጣ አላየሁም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የሐጂ ፒክአፕ ከች አለች። ሱሌማን ልጁን ላለማስደንገጥ ብሎ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትህ መጥተዋል፣ ይፈልጉሃል ብሎታል። ከጎጃም ደጋ ሽማግሌ አባት ሳይታሰብ ቆላ ወረደ ሲባል ስሜነህ ምን ያስብ? የድንኳኑን ጫፍ ገና ሲያይ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ማጭዱን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ደረቱን እየመታ ገባ።

"እናቴን! እናቴን!" እያለ ነበር።

አያ ዳምጤ ቀና አሉ። ሽማግሌው ልጁን አዩ፣ ከበላዩ የተሰቀለውን ፎቶ አዩ፣ እንደገና ልጁን አዩ። ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ፊቱ ላይ አደረጉ፤ እንደ ዓይነ ሥውር ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን ዳሰሱ።

"አንተ ነህ?" አሉት።

"አባዬ፣ እናቴ መቼ ነው?"

"እናትህ ደህና ናት።"

ስሜነህ ደህና ናት ሲባል ተስፋ ቆርጦ መሬት ላይ ወደቀ። አባትየው አጎንብሰው "እውነቴን ነው፣ ማርያምን፣ ስመጣ ጎመን ስትቀነጥስ ነው የተውኋት" አሉት። ጎመኗ ናት ያሳመነችው። ሰይድ ሳቀ፤ እያለቀሰ ነው የሳቀው። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሁሉም ተነሥቶ ይበተናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አያ ዳምጤ ግን ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደነበሩበት ተመለሱና ቁጭ አሉ። "የኔስ መጣ" አሉ። "የነዚህ አልመጣም። ቁጭ በል ልጄ፣ እናልቅስላቸው።" ለቅሶው ከፊተኛው ይልቅ ጠንክሮ ቀጠለ፤ ስሜነህም በገዛ ፎቶው ሥር ተቀምጦ ለማያውቃቸው ሰዎች አለቀሰ።

ማታውን ሽማግሌው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አጥቢያውንና መስጊዱን ሲጠይቁ አመሹ፤ ደጋግመው ለራሳቸው ይሉታል። ሰይድንም አብረኸኝ ትወጣለህ አሉት። አንድ ልጅ ሊፈልጉ የወረዱት ሰው ሲመለሱ የብዙ ቤት መርዶ ነጋሪ ሆነው ነበር። መናኸሪያው ላይ ቃሌን ጠበቅሁ፤ ስሜነህን ከአባቱ ጎን ቆሞ አነሣሁት። ዓይኑ ፈጦ ወጥቷል፤ አያ ዳምጤም እንዳይጨፍን ከጎኑ ሲጎነትሉት ይታያል። ያንን ላክሁላቸው፤ የተኛበት ፎቶ እኔ ዘንድ ቀረ።

በዓመቱ ጤና ጣቢያው ጀርባ ለታመሙ ሳሉጎች ባለ ቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ። ሲስተር አበባ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቁልፉን ከአንገቷ አላወረደችውም። ፎቶው ነው ያሠራው ወይስ ለቅሶው ስትባል "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጣራውን እዩት" ነበር መልሷ።

ለሐና ይህን አጫውቼ ስጨርስ የስሜነህን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየኋት። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ከዚያ "ታዲያ አትስቀይ ነው የሚሉኝ?" አለች።

"ስቀይ እንጂ" አልኳት። "ፍሬሙን ነጭ አደርግልሻለሁ። ከሥሩ ግን ምንጣፍ አንጥፊ።"

"ምንጣፍ? ለምን?"

"ሰው መቀመጥ ይፈልግ ይሆናል።"

በጎ ፈቃደኛ ብትሆንም ግትር ናት፤ ሰው ፎቶ የሚያየው ቆሞ ነው ብላ ተከራከረችኝ። በመጨረሻ ለሽማግሌ ይሁን ብላ ይመስለኛል እሺ አለች። የአዳራሹ ቀን እኔም ዘግየት ብዬ ሄድኩ። በበሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የእኛም የሱዳኑም ጫማ ነው። ውስጥ አንዲት ሴት በዐረብኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ በዝግታ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ይጠራሉ። ሐና ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ምንጣፉ ላይ ግን መቀመጫ ቦታ አልነበረም።